የናፍጣ ማሞቂያው ይነሳና ይጠፋብኛል (ደብረ ማርቆስ፣ የጫጩት ቤት)

ጫጩት_ቤት፦
እንዴት ዋላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። የአንድ ቀን ጫጩት ተረክቤ አሳድጌ እሸጣለሁ። የከሰል ዋጋ አልቀመስ ሲለኝ ከአዲስ አበባ የቻይና የናፍጣ ማሞቂያ አስመጣሁ። ያው የከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ የሚገጠመው ዓይነት ነው። በ12 ቮልት ይሠራል፤ ላዩ ላይ «5 ኪሎዋት» ይላል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ስከፍተው ፋኑ ይዞራል፤ ፓምፑ ቲክ ቲክ ይላል፤ ከዚያ ነጭ ጭስ ይጎርፋል። ዓይን ያቃጥላል። ትንሽ ቆይቶ «ኢ-10» ብሎ ይዘጋል። አንዳንዴ ደግሞ ይነሳልኛል። ደህና ሙቀት ይሰጥና ጥቁር ጭስ ማውጣት ይጀምራል፤ በመጨረሻ «ኢ-08» ጽፎ ይጠፋል። ቀን ቀን ይሻለዋል። ሌሊት ነው የሚያምፀው፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው ለሌሊት ነው።

ሻጩ ጋ ስደውል «ካንዴላውን ቀይር» አለኝ። ብር ከማውጣቴ በፊት እስኪ የምታውቁ ተናገሩ።

መልቲሜትር፦
ካንዴላውን ገና አትግዛ ወንድሜ። እነዚህ ማሞቂያዎች ላይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቀይረው ካንዴላውን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው እሱ አይደለም።

ኮዱ የሚነግርህ የሆነውን ነው እንጂ ያመጣውን አይደለም። በአብዛኞቹ የቻይና ማሞቂያዎች ላይ «ኢ-10» ማለት «ለመነሳት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም» ነው። «ኢ-08» ደግሞ «ነድጄ ነበር፣ እሳቱ ጠፋብኝ» ነው። አንዳንዱ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ቁጥሩን ለሌላ ብልሽት ስለሚጠቀምበት ከካርቶኑ ጋር የመጣችውን ወረቀት አመሳክር።

ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ፓምፑ ረጭቷል፤ ካንዴላው ግን ናፍጣውን ለማቀጣጠል የሚበቃ ግለት አላገኘም። የዚህ ካንዴላ እንደ ቤንዚን መኪናው ብልጭታ አይሰጥም። ራሱ ቀልቶ ነው የሚያቀጣጥለው። ለዚያ ደግሞ በ12 ቮልት ወደ 10 አምፔር ይስባል። ስለዚህ ጥያቄዬ፦ ባትሪው የት ነው? ከባትሪው እስከ ማሞቂያው ያለው ሽቦ ስንት ሜትር ነው? ውፍረቱስ?

አንድ ነገር አደራ። ነጭ ጭስ አውጥቶ ከከሸፈ በኋላ ደጋግመህ አትሞክር። በየሙከራው ናፍጣ ውስጡ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ድንገት የተነሳ ቀን ያ ሁሉ አንዴ ይነዳል፤ ከጭስ ማውጫው እሳት ሲወጣ ታያለህ።

ጫጩት_ቤት፦
ባትሪው እኔ የማድርበት ክፍል ነው ያለው፤ ከቻርጀሩ ጋር። ሌባ ስለምፈራ ነው። እስከ ጫጩቶቹ ቤት 9 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሽቦው ኤሌክትሪሺያኑ የዘረጋው ነው፤ የመብራት ሽቦ ነው፣ ባለ 1.5።

መልቲሜትር፦
በቃ፣ እዚህ ጋ ነው የምንጀምረው። 9 ሜትር ሄዶ 9 ሜትር ይመለሳል፤ 18 ሜትር መዳብ ነው። ባለ 1.5 ሽቦ በዚህ ርዝመት 10 አምፔር ሲያልፍበት 2 ቮልት ገደማ ይበላል። 1.5 ለአምፖል ይበቃል፤ ለዚህ አይበቃም።

እንዲህ አድርግ። መልቲሜትር ከሌለህ ተዋስ። ማሞቂያውን ክፈትና ካንዴላው በሚግልበት ጊዜ፣ ከተከፈተ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ማለት ነው፣ እዚያው ማሞቂያው መግቢያ ላይ ለካ። ሳይከፈት ብትለካ ምንም አይነግርህም። ሥራ ሳይኖረው ሽቦው ሁሉ 12 ያሳያል። ከዚያ ሮጥ ብለህ ባትሪው ላይ ለካና ሁለቱን አወዳድር።

የአባይ_በረሃ፦
እኔ ሹፌር ነኝ፤ መስመሬ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ጅቡቲ ነው። ጋቢናዬ ውስጥ ተመሳሳይዋ አለች። የእኔ በሽታ ግን ሽቦ አይደለም፤ ባትሪው ከወንበሩ ሥር ብዙም አይርቅም። ደጀን ላይ ጥቁር ጭስ ታወጣለች። ጎሐ ጽዮንም እንዲሁ። መሃል ላይ የአባይ ድልድይ ጋ ወርጄ ስከፍታት ንጹሕ ትነዳለች፤ ጭስ የሚባል የለም። (እዚያ በረሃ ውስጥ ማሞቂያ የከፈትኩ እብድ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ረዳቴ ከጋቢናው ወርዶ ሄደ።)

ጥያቄ_አይከለከልም፦
@የአባይ_በረሃ ጋሼ፣ ቤንዚን ትንሽ ጠብ ብታደርጉበት ቶሎ አይነሳም? ለጫጩት_ቤትም ሐሳብ አለኝ። ጭስ ማውጫው በጣም ይግላል አይደል? ያን ቱቦ በጫጩቶቹ ቤት ውስጥ አዙሮ ከዚያ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ለምን ሜዳ ላይ ይባክናል?

የዳንግላዋ፦
ኧረ በማርያም! ይህን ምክር የሚያነብ ሰው እንዳይሞክረው።

ዳንግላ ላይ ዶሮ አረባለሁ። የማሞቂያው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ ሲገባ የኦክስጅንን ቦታ ነው የሚይዘው፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ቱቦው አንድ ቦታ ብትላላ፣ አንድ ማሰሪያ ብትለቅ፣ ጫጩቶቹም እነሱን ልታይ ሌሊት የገባኸው አንተም እዚያው ትቀራላችሁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ከተሰማህ «እንቅልፍ ነው» ብለህ አትቀመጥ። ውጣ።

በከሰሉም ያው ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ምድጃ አስገብቶ ያደረ ሰው ታሪክ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። የዚህ ማሞቂያ ትልቁ ጥቅሙ የሚነደው አየርና የሚሞቀው አየር አለመገናኘታቸው ነው። እሳቱ ከውጭ ይተነፍሳል፤ ጭሱን ወደ ውጭ ይተፋል። ጫጩቶቹ ጋ የሚገባው በትኩሱ ብረት ላይ ያለፈ ንጹሕ አየር ነው። ያን ጥቅም በገዛ እጃችሁ አታፍርሱት።

መልቲሜትር፦
የዳንግላዋ ጨርሳዋለች። እኔ የምጨምረው ሁለት ነገር ነው። የማሞቂያው መቀመጫ ሥር ያለችው ጋስኬት ከተቀደደች ወይም ጠፍጣፋ ያልሆነ ላሜራ ላይ ከታሰረች ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከውጭ ያሉት ሁለቱ ቱቦዎች፣ አየር የሚስበውና ጭስ የሚያወጣው፣ አፋቸው ተቀራርቦ ወይም ነፋስ ወደሚመታበት ዞሮ ከሆነ ደግሞ የተፋውን መልሶ ይውጠዋል። ታፍኖ ይጠፋል፤ «ኢ-08» ይጽፋል። @ጫጩት_ቤት የእነዚህን ፎቶ ላክልን።

ቤንዚን ስለሚለው፦ አይሆንም። ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ብቻ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ደጋው፦
እኔ ከሲናን ነኝ፤ ከማርቆስ ከፍ ይላል፤ ብርዱን ጮቄን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሹፌሩ የተናገረው ነገር የዚህ ሁሉ ቁልፍ ነው፤ ከፍታው።

ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ፓምፑ ግን ይህን አያውቅም። በፋብሪካ የተቆጠረለትን ናፍጣ ይረጫል። ናፍጣው ያው ሆኖ አየሩ ሲያንስ እርጥብ እንጨት እንደተማገደበት ምድጃ ያፍናል። ጥቁሩ ጭስ እሱ ነው። ጥላሸቱ ይጠራቀማል፤ ካንዴላዋ ዙሪያ ያለችውን ወንፊት ይደፍናል፤ ከዚያ ካንዴላዋ ደህና ሆና ሳለ መነሳት ያቅተዋል። ሰው ካንዴላዋን ሲቀይር ወንፊቷም አብራ ስለምትቀየር «አየህ፣ ካንዴላው ነበር» ይላል። ሁለት ወር ቆይቶ ያው በሽታ ይመለሳል።

የኤበርሽፔሸርን መመሪያ ያነበበ ያውቃል፤ ይህን ዓይነት ማሞቂያ የሚሠራው የጀርመን ኩባንያ ራሱ ለአንዳንድ ሞዴሎቹ ከ1,500 ሜትር በላይ ለአጭር ጊዜ እንጂ ለረጅም ጊዜ እንዳይሠሩ ይጽፋል፤ ለከፍታ ቦታም የተለየ ማስተካከያ ይሸጣል። እኛ ደግሞ ከዚያ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ርካሹን ሌሊቱን ሙሉ እናነዳለን።

የአባይ_በረሃ፦
እናቴ ድረስ! እኔ እኮ ናፍጣው ነው ብዬ ማደያ ስቀያይር ነው የከረምኩት። ታዲያ ምን ይደረጋል?

ደጋው፦
የናፍጣውን ምት መቀነስ። ስክሪን ያላቸው ማሞቂያዎች የፓምፑን ምት በሰከንድ ይቆጥራሉ፤ ሄርዝ ይሉታል። ወደ ውስጠኛው ማስተካከያ ለመግባት የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል፤ በብዙዎቹ ላይ 1688 ነው። ከፍተኛው 5 ላይ ከሆነ ወደ 4 ግድም አውርደው። የፋኑን ፍጥነት እንዳለ ተወው። ዝቅተኛውንም በትንሹ ቀንስ፤ ግን እዚህ ላይ አትጨክን፤ በጣም ካነሰ እሳቱ ራሱ ይጠፋል። ከዚያ ጭሱን እያየህ ትንሽ ትንሽ። ሞቆ ሲረጋ ከጭስ ማውጫው አፍ የሚታይ ነገር መኖር የለበትም፤ ሙቀት ብቻ።

ጥያቄ_አይከለከልም፦
ሙቀቱ አይቀንስም እንዴ ታዲያ? 5 ኪሎዋት ብሎ የገዛ ሰው 4 ሊያገኝ ነው ማለት ነው?

መልቲሜትር፦
5 መጀመሪያውኑ አልነበረም። እንቁጠረው። የተለመደው ፓምፕ በ1,000 ምት 22 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ ተጽፏል። በሰከንድ 5 ምት ማለት በሰዓት 18,000 ምት ነው፤ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ናፍጣ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይሰጣል። ስለዚህ ሁሉም ቢነድ 4 ኪሎዋት ነው፤ ከዚያ ላይ በጭሱ የሚሄድ አለ። «8 ኪሎዋት» የሚል የተለጠፈበትም ብዙውን ጊዜ ሆዱ ያው ነው። በዚያ ላይ አየር አጥቶ ጥላሸት የሆነው ናፍጣ ሙቀት አልሰጠህም። ብትቀንሰው የምታጣው ጭሱን ነው።

ይቺን ቁጥር ያዟት፤ ለሌላም ትጠቅማለች። ፓምፑ ደከመ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙ። ወደ ማሞቂያው የምትገባውን ቀጭን ቱቦ ነቅላችሁ ሲሪንጁ ውስጥ አስገቡ። ፓምፑን ብቻ የሚያሠራውን የናፍጣ መሳቢያ ትእዛዝ ክፈቱና 200 ምት ቁጠሩ። 4.4 ሚሊ አካባቢ መምጣት አለበት። 3 ከሆነ ፊልትሮው ተዘግቷል፣ አየር ይስባል፣ ወይም ፓምፑ አልቋል።

የአየሩን ነገር ደግሞ በዓይን ታዩታላችሁ። ቱቦዋ ብርሃን ታሳልፋለች። አረፋ እየተከታተለ የሚሮጥባት ከሆነ እሳቱ ይንተፋተፋል። ብዙ ጊዜ መንስኤው መገጣጠሚያው ነው፤ ሁለቱ የቱቦ ጫፎች በጎማው ውስጥ ካልተነካኩ መሃላቸው ላይ አረፋ ይጠራቀማል። ጫፋቸውን በምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ አፍ ለአፍ አገናኟቸው። ፓምፑም መተኛት የለበትም። መውጫው ወደ ላይ አዘንብሎ ይታሰር፤ አረፋው እንዲወጣ።

ጫጩት_ቤት፦
ለካሁ። ካንዴላው ሲግል ባትሪው ላይ 12.4፣ ማሞቂያው ላይ 10.3። ይህን ያየሁት ማታ መብራት ሄዶ ሳለ ነው። ቀን ቻርጀሩ እየሞላ ስለካው ባትሪው 13.6 ነው፤ ማሞቂያው ጋ 11.5 ይደርሳል። ያኔ ነው የሚነሳልኝ!

መልቲሜትር፦
ይኸው የሌሊቱ ምስጢር። ካንዴላው የሚሰጠው ሙቀት ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬ ነው የሚወርደው። 12.4 የሚገባውን 10.3 ብትሰጠው ከጉልበቱ ሲሶው ጠፋ። ባትሪውን ወደ ማሞቂያው አቅርብ፤ 2 ሜትር ላይ፣ በባለ 6 ሽቦ። ሌባውን በሣጥንና በቁልፍ ተከላከለው። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ሽቦውን የሚጠብቀው እዚያ ሲሆን ነው።

የዳንግላዋ፦
መብራት ስለመሄድ ከተነሳ፦ ባትሪ ሳይኖራቸው በአዳፕተር ከግድግዳ የሚያሠሩ ሰዎች አሉ። እንዳትሞክሩት። ይህ ማሞቂያ ሲዘጋ ቶሎ አይቆምም፤ ፓምፑ ይቆምና ፋኑ ለደቂቃዎች እየነፋ ብረቱን ያቀዘቅዘዋል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ፋኑም ይቆማል፤ ውስጡ ያለው ግለት መሄጃ ያጣል። ጎረቤቴ እንዲህ ሆኖበት የፕላስቲኩ ልባስ ቀለጠ፤ ሽቦዎቹም አብረው። መዝጋት ስትፈልጉም በቁልፉ ዝጉ፤ ሽቦውን ከባትሪው አትንቀሉ።

@ጫጩት_ቤት ማሞቂያው ራሱ ያለው ጫጩቶቹ ጋ ነው ወይስ ውጭ?

ጫጩት_ቤት፦
ውስጥ ነው፤ ጥግ ላይ መደርደሪያ ላይ። ጭሱ በግድግዳው ቀዳዳ ይወጣል።

የዳንግላዋ፦
አውጣው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው «ኢ-05» ማየት ትጀምራለህ፤ ከልክ በላይ ጋለ ማለት ነው። የጫጩት ቤት አቧራ ሌላ ነው፤ መኖ፣ የላባ ብናኝ፣ ሰጋቱራ። ፋኑ ይህን ሁሉ ይስብና በብረቱ ክንፎች መሃል ይጠቀጥቀዋል። አየር ሲያጣ ይግላል። የእኔን ስከፍተው ክንፎቹ መሃል የነበረው ነገር ብርድ ልብስ ይሆን ነበር! የኩሳቸው አሞንያም ሰሌዳውንና የሽቦ ጫፎቹን ይበላል። በዚያ ላይ የጋለ ጭስ ማውጫ በገለባና በሰጋቱራ አጠገብ ማለፍ የለበትም። ግድግዳው ጭቃና እንጨት ከሆነ ቀዳዳውን ሰፋ አድርገህ ቱቦው በላሜራ መሃል ይለፍ።

እኔ ያደረግሁት፦ ውጭ ጣሪያ ያለው የላሜራ ሣጥን ሠራሁ፤ ማሞቂያው እዚያ ይቀመጣል፤ ትኩሱ አየር ብቻ በወፍራም ቱቦ ይገባል። የሚያሞቀውን አየር ከውጭ ነው የሚስበው። ናፍጣ ትንሽ ጨምሮ ይበላል፤ ግን ጫጩቶቹ ትኩስ ንጹሕ አየር ያገኛሉ፤ አሞንያውም ይገፋል። አየር የሚስብበት አፍ ግን ከጭስ ማውጫው በተቃራኒ ግድግዳ ይሁን!

ቱቦው በቀጥታ ጫጩቶቹ ላይ አይንፋ፤ ወደ ግድግዳ አዙረው። ቴርሞሜትሩን ከጣሪያ ላይ ሳይሆን በጫጩቷ ጀርባ ቁመት ስቀል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ትቀንሳለህ። ተቆልለው ካየሃቸው በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተው ከሸሹ ሞቋቸዋል። ከቴርሞሜትር እነሱን እመን።

ጫጩት_ቤት፦
ባትሪውን አዛወርኩ፤ ሽቦውንም ቀየርኩ። አሁን ካንዴላው ሲግል ማሞቂያው ጋ 12.2 አገኛለሁ። መብራት ሄዶም ይነሳል። ነጩ ጭስ ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ታይቶ ይጠፋል። ሻጩ የነገረኝን ካንዴላ አልገዛሁም።

ጥቁሩ ግን አለ። ሄርዙን ከ5 ወደ 4.2 አወረድኩ፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ደጋው፦
ጥሩ። የቀረው የድሮው ጥላሸት ይሆናል። ነጭ ጋዝ ማግኘት ከቻልክ በእሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ሙሉ ኃይል ላይ አንድደው፤ ከናፍጣ ይልቅ ንጹሕ ይነዳል፤ የቆየውንም ጥላሸት ይጠርጋል። በዝቅተኛው ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚያድር ማሞቂያ ሁሉ ይቆሽሻል፤ ስለዚህ ጠዋት ከመዝጋትህ በፊት ትንሽ ከፍ አድርገህ ማንደድ ልማድ ይሁንህ።

ካልሆነ መክፈት ነው። ካንዴላዋን ፍታ፤ ከሥሯ ያለችውን ወንፊት በቀጭን ነገር ቀስ ብለህ አውጣ። ጥቁር ደርቆባት ከሆነ በጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ እጠባት። ካልጸዳች ቀይራት፤ ዋጋዋ ብዙ አይደለም። ስትመልሳት ቀዳዳዋ ከናፍጣው መግቢያ ጋር ይግጠም። ማንደጃውን ራሱን ከከፈትክ ግን ጋስኬቶቹን አዲስ ሳትይዝ አትክፈት። የድሮውን ጋስኬት መልሶ የሚያስር ሰው የዳንግላዋ የነገረችንን ጋዝ ወደ ቤቱ እየጋበዘ ነው።

የናፍጣውስ ነገር? በጄሪካን ከመንገድ ነው የምትገዛው?

ጫጩት_ቤት፦
ማደያ ሰልፍ ሲረዝም አዎ።

ደጋው፦
እንግዲያው በብርጭቆ ቀድተህ አሳድረው። ከሥር ውሃ ከተኛ ወይም ከላይ ደመና ከመሰለ ለማሞቂያው አይሆንም። ከታንከሩ ስትስብም ከወለሉ ከፍ ብሎ ይሳብ፤ ውሃውና ደለሉ ታች ነው የሚቀረው።

የአባይ_በረሃ፦
የእኔ ስክሪን የለውም። ክብ መዘውር ብቻ ነው ያለው። ሄርዝ የት አባቱ አገኛለሁ?

መልቲሜትር፦
መዘውር ባለው ላይ ሄርዙን ማስተካከል አይቻልም ጋሼ። ሁለት መንገድ አለዎት። ሰሌዳው የሚቀበል ከሆነ ባለ ስክሪኑን መቆጣጠሪያ ገዝቶ መቀየር፤ ሲገዙ ግን የሰሌዳውን ፎቶ ይዘው ይሂዱ፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር አይነጋገርም። ወይም በ1,000 ምት 16 ሚሊ የሚሰጥ አነስ ያለ ፓምፕ መግጠም። እሱ ናፍጣውን ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ የደጀን አየርም የሚጎድለው ያንኑ ያህል ነው።

የአባይ_በረሃ፦
ፓምፑ ይሻለኛል። ማርቆስ ሳልፍ የጫጩት_ቤትን ባለ ስክሪን አይቼ ነው የምወስነው ግን። ወንድሜ፣ ሐሙስ አለህ?

ጫጩት_ቤት፦
አለሁ። ከነጭ ጋዝ አንድ አምስት ሊትር ይዘህልኝ ና፤ እዚህ ጠፍቷል።